በአዞ ማርቢያ ቤት ውስጥ የሙቀትንና የእርጥበትን ልክ ስለ መመልከት

ላምና በግ፣ ፈረስና በቅሎ ሙቀታቸውን በገዛ ሰውነታቸው ውስጥ የሚያዘጋጁ እንስሶች ናቸው። የበሉት ሣርና ገብስ በውስጣቸው እንደ ማገዶ ስለሚሆን፣ ውጭው ውርጭ ቢሆን ወይም ሐሩር ቢሆን የደማቸው ሙቀት ከተወሰነለት ልክ እጅግም አይወጣም፤ አይወርድምም። በደብረ ብርሃን ውርጭ ያደረች ላም በማለዳ የምትታለበው ስለዚህ ነው። በደረታቸው የሚሳቡት፣ እነ አዞ፣ እነ ኤሊ፣ እነ ዘንዶና እነ እንሽላሊት ግን ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከፀሐይ፣ ከአሸዋ፣ ከውኃና ከአየር ነው። ያሉበት ስፍራ ሲሞቅ ይሞቃሉ፤ ሲበርድም ይበርዳሉ። ደማቸው በበረደ ጊዜ ሆዳቸው የዋጠውን መፍጨት ይተዋል፤ በሽታን የሚከላከለውም የሰውነታቸው ኀይል ይደክማል።

በዱር የሚኖር አዞ ይህን ጉዳይ ራሱ ያስተዳድረዋል። የቁልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚገባበት አጠገብ፣ የአገሩ ሰው የአዞ ገበያ ብሎ በሚጠራው ስፍራ ሄዶ የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አዞው ጧት ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ፀሐይ ስትበረታ አፉን ከፍቶ ይቈያል፤ ይህም ያልበቃው እንደ ሆነ ወደ ጥላ ወይም ወደ ውኃ ይመለሳል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ውኃ የቀኑን ሙቀት ከአየር ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በውኃ ውስጥ ያድራል። ሰው ግንብ ገንብቶና አጥር አጥሮ ባስገባው ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ምርጫ ከአዞው ወጥቶ በጠባቂው እጅ ይገባል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ጠባቂው ሰው ነው፤ የሰውም ቆዳ በአዞ ጉዳይ የማይታመን ምስክር ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲግራድ የሆነ ክፍል ለሰው እጅግ የተመቸ ነው፤ ጠባቂውም ገብቶ ክፍሉ መልካም ነው ብሎ ይወጣል። በዚያው ክፍል ያለው አዲስ የተፈለፈለ የአዞ ጫጩት ግን ብርድ ይዞታል። የዓባይ አዞ ተብሎ የሚታወቀው፣ በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች ያለው ዘር፣ በጫጩትነቱ በደኅና የሚበላውና የሚያድገው ሙቀቱ ከ30 እስከ 33 ዲግሪ በሆነ ስፍራ ነው። ከዚህ ወርዶ ብዙ ቀን የቈየ እንደ ሆነ መብላት ይቀንሳል፤ ጫጩቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራሉ፤ ከዕንቁላሉ ይዘውት የወጡት አስኳል በሆዳቸው ውስጥ ሳይመጥ ቀርቶ ይበላሻል። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ሬሳ መለቀም ይጀመራል። ሙቀቱ ደግሞ ከ36 ዲግሪ አልፎ ጫጩቱ የሚሸሽበት ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ያጣ እንደ ሆነ ሞቱ የቀናት ሳይሆን የሰዓታት ጉዳይ ነው። በብርድ የሞተው በብርድ መሞቱ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ብርዱ ዛሬ ሆኖ ሞቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሚመጣ፣ ምክንያቱ በቀለቡ ወይም በውኃው ይላከካል። እንግዲህ ሙቀትና እርጥበት በመሣሪያ የሚለካው ለጌጥ ወይም ለፈረንጅ ወግ ተብሎ አይደለም።

ይህ ነገር የአገር አስተዳዳሪዎችን፣ ባለይዞታዎችንና የወረዳ ሹማምንትን የሚመለከትበት ምክንያት ግልጥ ነው። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በአባያ ሐይቅ ዳር የተቋቋመው የአዞ እርባታ የተመሠረተው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳር ዕንቁላልና ጫጩት ሰብስቦ በማሳደግ ሥራ ላይ ነው። ይህ ዐይነት ሥራ እናት አዞዎችን በግንብ ውስጥ አኑሮ ከሚያስወልደው ሥራ የተለየ ነው። ከሐይቁ ዳር የተነሣ እያንዳንዱ ዕንቁላል ከሕዝብ ሀብት የተወሰደ አደራ ነው። በስፍራው ቢቀር ኖሮ ከብዙው ጥቂቱ ብቻ ያድግ ነበር፤ አርጃኖ ቈፍሮ ያወጣዋል፤ ጎርፍም ያሰጥመዋል፤ ከተፈለፈለም በኋላ አሞራና ትልቅ ዓሣ ይበላዋል። ዕንቁላል መሰብሰብ የሚፈቀድበትም ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን ከአርጃኖ የዳነው ዕንቁላል በሰው ቤት በብርድ ከጠፋ ሐይቁም ከሰረ፣ ሰውም አላተረፈም።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እንደሚያዝዘው የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ሊያዝ አይገባም። የአዞ ቆዳም ወደ ውጭ አገር የሚሸጠው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በዋሽንግተን በተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ውል መሠረት በፈቃድ ብቻ ነው። ስንት ዕንቁላል ተሰበሰበ፣ ስንቱ ተፈለፈለ፣ ስንቱ ሞተ የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱም ከቴርሞሜትሩ መዝገብ ጋር አብሮ ካልቀረበ የሞቱ ምክንያት ሊገለጥ አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው የዕንቁላሉ ጊዜ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ እንቈይ። እናቲቱ በበጋ ውኃው ሲጎድል በሐይቁ ዳር አሸዋውን ቈፍራ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 የሚሆን ዕንቁላል ትጥልና መልሳ ትደፍነዋለች። ሦስት ወር ያህልም በአጠገቡ ሆና ትጠብቃለች። በዚያ ጥልቀት ያለው አሸዋ ቀን በፀሐይ ቶሎ አይግልም፤ ሌሊትም ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ርጥበቱም አይለየውም። ሰው የሚሠራው የመፈልፈያ ሣጥን ወይም ክፍል ይህን አሸዋ ለመምሰል የሚደክም ነው። በውስጡ ያለው ሙቀት ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ የአየሩም እርጥበት ከመቶ 90 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል። ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ በታች ወይም ከ35 በላይ ሆኖ የሰነበተ እንደ ሆነ ጽንሱ ይሞታል፤ ያለዚያም ጅራቱ የተጣመመ፣ መንጋጋው ያጠረ ሆኖ ይወጣል።

ዕንቁላሉ ከጉድጓዱ ሲነሣ በላይ የነበረው ጎኑ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ እስከ መጨረሻውም ያ ጎን በላይ እንደ ሆነ ይቈያል። ምክንያቱም ጽንሱ ዕንቁላሉ በተጣለ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ በላይኛው ጎን ከሽፋኑ ጋር ስለሚጣበቅ፣ የተገለበጠ እንደ ሆነ ይሞታል። የዶሮ ዕንቁላል በየቀኑ እየተገላበጠ እንደሚፈለፈል የሚያውቅ ሠራተኛ ለአዞውም መልካም ያደረገ መስሎት ሊያገላብጠው ይችላልና ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የአዞ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው እንደ ላምና እንደ በግ በተፀነሰ ጊዜ ተወስኖ አይደለም፤ የሚወስነው የዕንቁላሉ ሙቀት ነው። ይህ ነገር በተሳቢ እንስሶች ላይ መጀመሪያ የታወቀው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ማድሌን ሻርኒዬ የተባሉ ፈረንሳዊት ሊቅ በዳካር በአንድ ዐይነት እንሽላሊት ላይ ባደረጉት ምርመራ ነው። በ1982 ፈርግሰንና ጆአነን የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ ሉዊዚያና ባለው የአዞ ዘመድ በአሊጌተር ላይ አስረዱ፤ በ1987 ደግሞ ሃተን የተባሉት ሊቅ በዚምባብዌ በራሱ በዓባይ አዞ ላይ ያገኙትን አሳተሙ። የተገኘውም ነገር ይህ ነው። ዕንቁላሉ በ31 ዲግሪና ከዚያ በታች የተቀመጠ እንደ ሆነ ጫጩቶቹ ሴቶች ይሆናሉ፤ ከ32 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 34 ገደማ ወንዶች ይበዛሉ፤ ከዚያ በላይ እንደ ገና ሴቶች ይበረክታሉ። ነገሩም የሚወሰነው ከሦስቱ ወር በመካከለኛው ነው።

አንባቢ ይህን ቁጥር በጥሞና ይመልከተው። በሴትና በወንድ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዲግሪ ጉዳይ ነው። አንድ ዲግሪ የሚያሳስት ቴርሞሜትር በገበያ የሞላ ነው። ለቆዳ ብቻ የሚያረባ ሰው ወንድም ሴትም ቢሆን ግድ የለኝም ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ከተሰበሰበው ከፊሉ አድጎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል የተባለ እንደ ሆነ፣ ወይም ወደ ፊት እናት አዞዎች በግንብ ውስጥ ይኖሩናል የሚል አሳብ ያለ እንደ ሆነ፣ ሁሉም ወንድ የሆነ መንጋ ምን ይረባል?

በመጨረሻው ወር ደግሞ ጽንሱ ስለሚያድግ ዕንቁላሉ ራሱ ጥቂት ሙቀት ማውጣት ይጀምራል። ብዙ ዕንቁላል በአንድ ሣጥን የታጨቀ እንደ ሆነ በመካከል ያለው ከዳር ካለው ይልቅ ይሞቃል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የሚያሳየው የክፍሉን አየር እንጂ የዕንቁላሉን ሙቀት አይደለም። አንዱ መለኪያ በዕንቁላሉ መካከል፣ ሌላው በዳር ያለው ዕንቁላል አጠገብ ሊቀመጥ ይገባል። ዕንቁላል የሚተነፍስ ነገር መሆኑንም ልብ ማድረግ ያስፈልጋል። እርጥበቱ እንዳይወጣ ብለው ሣጥኑን በላስቲክ ጠቅልለው ያፈኑት እንደ ሆነ እርጥበቱ ይጠበቃል፤ ጽንሱ ግን ታፍኖ ይሞታል። ሣጥኑ ትንንሽ ቀዳዳ ኖሮት፣ ከእርሱ የሚወጣው እርጥበት ደግሞ በውኃ ገበታ የሚተካ መሆን አለበት።

አሁን ስለ እርጥበት እንናገር፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። እርጥበት ከመቶ ይህን ያህል እጅ ነው ሲባል፣ አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው የውኃ ትነት ምን ያህሉን ይዟል ማለት ነው። ሞቃት አየር ብዙ ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። ስለዚህ በ20 ዲግሪ ከመቶ 100 እጅ ርጥብ የሆነ አየር፣ ምንም ውኃ ሳይጨመርለት ወደ 32 ዲግሪ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ ከመቶ 50 እጅ ገደማ ይወርዳል። ይህ በማርቢያ ቤት ምን እንደሚያደርስ እነሆ። ጠባቂው ሌሊቱ እንደ በረደ አይቶ ማሞቂያውን ይጨምራል፤ ሙቀቱ ይስተካከላል፤ እርሱም ተደስቶ ይተኛል። ዳሩ ግን ያሞቀው አየር ደርቋልና የዕንቁላሉን ውኃ ይመጥጣል፤ ዕንቁላሉም ይሰረጉዳል። በተቃራኒው ሌሊት ማሞቂያው የጠፋ እንደ ሆነ ያው ትነት በዕንቁላሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፤ ሻጋታም ይበቅልበታል። ሁለቱ መለኪያዎች ሁልጊዜ አብረው መነበብ ያለባቸው ስለዚህ ነው፤ አንዱን ብቻ የያዘ መዝገብ የነገሩን እኩሌታ ብቻ ይነግረናል።

ስለ መሣሪያዎቹ። ለመፈልፈያው ክፍል ከሁሉ የሚታመነው እኛ እንደሚመስለን ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ያሉበት፣ የአንዱ ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የቀድሞው ዐይነት መሣሪያ ነው። ከእርጥቡ ጨርቅ ውኃ ሲተን ያ ቴርሞሜትር ይቀዘቅዛል፤ አየሩ በደረቀ መጠን መቀዝቀዙ ይበዛል። ደረቁ 32፣ እርጥቡ 31 ቢያሳዩ እርጥበቱ ወደ ከመቶ 93 እጅ ነው፤ እርጥቡ 30 ቢሆን ወደ ከመቶ 86 እጅ፤ ወደ 24 ቢወርድ ግን ከመቶ 50 እጅ ገደማ ብቻ ነው። የሌሎቹ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ከመሣሪያው ጋር ይመጣል፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የዚህ መሣሪያ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ጨርቁ የቆሸሸ ወይም የደረቀ እንደ ሆነ እርጥቡ እንደ ደረቁ ያነብና አየሩ ርጥብ ነው እያለ ያታልላል። ስሕተቱ ሁልጊዜ ጠባቂውን ደስ ወደሚያሰኘው ወገን ነው። ስለዚህ ጨርቁ በየሳምንቱ ይለወጥ፤ የሚቀዳበትም ውኃ የዝናብ ወይም የተጣራ ውኃ ይሁን።

በባትሪ የሚሠሩት፣ ቁጥር የሚያሳዩትና በየሩብ ሰዓቱ ራሳቸው የሚመዘግቡት አዲሶች መሣሪያዎችም እጅግ ጠቃሚዎች ናቸው፤ ሌሊት የሆነውን ይነግራሉና። ነገር ግን እጅግ ርጥብ በሆነ ስፍራ የሚቈይ የእርጥበት መለኪያ ከጊዜ በኋላ ከልኩ ይወጣል። ክብ ሰሌዳና መርፌ ያላቸው ርካሾቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ አይታመኑም። ሁሉም መፈተን አለባቸው፤ ፈተናውም ወጪ የለውም። ንጹሕ የገበታ ጨው በትንሽ ውኃ ለውሶ በትንሽ ሳሕን አድርጎ፣ ከመለኪያው ጋር በአንድ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ መዝጋትና አሳድሮ ማየት ነው። ጨዉ ውኃ ሳይነካው በአጠገቡ ያደረ ደኅና መለኪያ ከመቶ 75 እጅ ያሳያል። 70 ወይም 80 ቢያሳይ ልዩነቱ በላዩ ይጻፍና ሲነበብ ይታሰብ።

ቴርሞሜትሩ ደግሞ በተደቀቀ በረዶና በጥቂት ንጹሕ ውኃ ድብልቅ ውስጥ ገብቶ 0 ሊያሳይ ይገባል። በፈላ ውኃ መፈተን ግን በአገራችን አይሆንም። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ዳርቻ ልክ ባለ አገር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከፍታው ከ2300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በአርባ ምንጭም ከ100 በብዙ ዲግሪ ያንሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ምልክት አድርጎ የሚያስቀረው ቴርሞሜትር ጄምስ ሲክስ የተባሉ እንግሊዛዊ በ1782 ከገለጡት ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው። ዋጋው አነስተኛ ሆኖ ጥቅሙ እጅግ ትልቅ ስለ ሆነ በእያንዳንዱ የጫጩት ክፍል አንድ ይኑር። ምክንያቱም አደገኛው ሰዓት ጎህ ሊቀድ ሲል ያለው ነው፤ በዚያ ሰዓት ሹምም ሆነ የእርባታው ኀላፊ በስፍራው አይገኝም። መሣሪያው የሚቀመጠው ጫጩቱ ባለበት ከፍታ ነው፤ ይኸውም ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ከማሞቂያው የራቀ፣ ጫጩትም የማይደርስበት ቦታ ይመረጥለታል። በሰው ራስ ልክ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ከወለሉ አየር ይልቅ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

መዝገቡ በቀን ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ ከማለዳው 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት። በየጊዜው የደረቁና የእርጥቡ ቴርሞሜትር፣ በዕንቁላሉ መካከል ያለው፣ የመዋኛው ውኃ ሙቀትና ያለፈው ሌሊት ዝቅተኛ ይመዘገባል፤ በዚያው መስመር የተበላው ቀለብና የሞተው ቁጥር ይጻፋል፤ ያነበበውም ሰው ይፈርማል። ቀለቡና ሞቱ ከሙቀቱ ጋር በአንድ መስመር የሚጻፉት፣ ብርዱ ከመጣ ከስንት ቀን በኋላ መብላት እንደ ቀነሰ፣ ከስንት ቀንም በኋላ ሞት እንደ ጀመረ ባንድ ዐይን እንዲታይ ነው።

ሹሙ ለጉብኝት በሄደ ጊዜ ትልልቆቹን አዞዎች አይቶ ከመደነቁ በፊት ይህን መዝገብ ያስቀርብ። ወሩን ሙሉ 32፣ 32፣ 32 እየተባለ የተሞላ መዝገብ ካገኘ አይደሰት፤ እንዲህ ያለ መዝገብ በአንድ ቀን በአንድ ብዕር የተጻፈ እንደ ሆነ ይገመታል። እውነተኛ መዝገብ ቁጥሩ ይዋልላል፤ አንድ ቀን 31 ተኩል፣ አንድ ቀን 32 ከሩብ፣ ዝናብ በዘነበበት ሌሊት 29 ይላል፤ በአንዳንዱም ስፍራ ሳይነበብ ቀረ የሚል ይገኝበታል። ሳይነበብ ቀረ ብሎ የጻፈ ጠባቂ ሊወቀስ አይገባውም፤ እንዲያ የተወቀሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ከልቡ ፈጥሮ ይጽፋልና። ሹሙ ደግሞ የራሱን ቴርሞሜትር ይዞ ሄዶ በዚያው ስፍራ ቢያነብና ከመዝገቡ ጋር ቢያስተያይ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ መዋኛው ውኃ ጥቂት እንጨምር። ትንሽና ጥልቀት የሌለው ውኃ ቶሎ ይሞቃል፤ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ሲሚንቶ ወለልም ቀን ግሎ ሌሊት ይበርዳል። ከሁሉ የሚጎዳው ግን የጽዳት ሰዓት ነው። ጫጩቶቹ ከበሉ በኋላ ውኃው መለወጥ አለበት፤ ሠራተኛውም በማለዳ ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ በቀጥታ የመጣውን ቀዝቃዛ ውኃ ይሞላበታል። ሆዳቸው ሥጋ የሞላ ጫጩቶች በድንገት ብዙ ዲግሪ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ሲገቡ የበሉት በሆዳቸው ይሸታል። ስለዚህ ውኃው አስቀድሞ በታንከር ውስጥ በፀሐይ እንዲውል ሆኖ፣ ለውጡም ረፋዱ ላይ ይደረግ፤ ከመሞላቱም በፊትና በኋላ ቴርሞሜትር ይግባበት። ሌሊቱን በብርድ ያደሩ ጫጩቶችም እስኪሞቁ ድረስ ቀለብ አይሰጣቸው።

ጫጩቶቹ የሚያድሩበት ክፍል ተዘግቶ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ሲበዛ ጉዳት አለው። አየሩ በትነትና በኩሳቸው ሽታ ይሞላል፤ በቆዳቸውም ላይ ሻጋታ ይወጣል። ይህም ቆዳ ነው የሚሸጠው። በቀትር ውጭው በሞቀ ጊዜ መስኮቱን ጥቂት ሰዓት መክፈት ይበቃል።

በደጋ አገር ያሉ ባለይዞታዎች ይህን ሥራ ለመጀመር አሳብ ቢኖራቸው፣ አስቀድመው የሌሊቱን ሙቀት አንድ ዓመት ሙሉ እንዲመዘግቡ እንመክራለን። ያን መዝገብ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሳቡን ይለውጣል። ሌሊቱ ወደ 8 ወይም ወደ 10 ዲግሪ በሚወርድበት አገር ክፍሉን 32 ላይ ማኖር የሚጠይቀው የኤሌክትሪክ ኀይል ዋጋ የቆዳውን ትርፍ ይበላዋል። ቆላው ለዚህ ሥራ የተሰጠ ነው፤ ደጋው በግ ያርባ።

በእንስሳት መጠበቂያ ስፍራ ወይም በትምህርት ቤት ኤሊና ዘንዶ የሚጠበቅ እንደ ሆነም ደንቡ ያው ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያል። ዘንዶ አየሩ የደረቀ እንደ ሆነ ቆዳውን ሲገፍፍ በቁርጥራጭ ይቀርበታል፤ በዐይኑም ላይ ይደርቅበታል። የበረሃ ኤሊ ደረቅ አየር ይወድዳል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን ግልገሉ በተፈጥሮው ርጥብ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚውል ነው። በ2003 በአውሮፓ አቈጣጠር የታተመ የኦስትሪያ ሊቃውንት ምርመራ እንዳሳየው፣ በአፍሪቃ ትልቁ ኤሊ ላይ የድንጋዩ ጉብጉብ እያለ ማደግ ከቀለቡ ይበልጥ ከአየሩ ድርቀት ጋር የተያያዘ ነው። ለእንደዚህ ያሉት እንስሶች በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ወገን ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ቢዘጋጅ እንስሳው ራሱ ይመርጣል፤ ቴርሞሜትርም በሁለቱም ወገን ይቀመጣል።

የኤሌክትሪክ ኀይል በተቋረጠ ጊዜ የሚደረገው አስቀድሞ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በሌሊቱ ዘበኛ እጅ ይኑር። የመፈልፈያው ሣጥን አይከፈት፤ የተዘጋ ሣጥን ሙቀቱን ለጥቂት ሰዓት ይይዛል። በብርድ ልብስ ይሸፈን፤ የቀዳዳዎቹ አፍ ግን ክፍት ይሁን። የሞቀ ውኃ የተሞላ ጀሪካን በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥኑ ዙሪያ ይቁም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነድድ፤ ጢሱ ባይታይም ዘበኛውንም ዕንቁላሉንም ይገድላል። ዘበኛው በየሰዓቱ ያንብብ፣ ይጻፍ። ኀይሉ ከተመለሰ በኋላም ሁለት ሰዓት ያህል አይተኛ፤ ማሞቂያው የቀዘቀዘውን ክፍል ለማሟሟቅ ሲሠራ ከልኩ አልፎ ወደ 36 ሊወጣ ይችላልና። ኀይሉ የሄደበትና የመጣበት ሰዓት፣ የደረሰበትም ዝቅተኛ ሙቀት በመዝገቡ ይገባል። በመካከለኛው ወር ላይ ያለ ዕንቁላል የሆነ እንደ ሆነ የሣጥኑ ቁጥር ለብቻው ተጽፎ፣ ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ጊዜ ከሌላው ሳይቀላቀሉ ወንዱና ሴቱ ይቈጠራል።